ጣሳውን የመዘነችው ዘይነብ

መሪማ ስትደውል ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ ባንክ ውስጥ ነው፤ ብድር የወሰደ ሰው ነገ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም የሚለውን በቁጥር እገምታለሁ። ግድግዳው ላይ ግራፍ አብርቼ፣ አለቆቼ ፊት ቆሜ፣ ንግግሬን ሳልጨርስ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ከሐይቅ ነው፣ እናቴ ካለችባት የወሎ ከተማ። ከሐይቅ በሥራ ሰዓት የሚደውልልኝ የለም፤ ከተደወለ ደግ አይደለም። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

«አስፋው፣ ዘይነብ እኮ...» አለች። መሪማ የዘይነብ ታናሽ እህት ናት። «እዚያው ጅዳ ነው። ትናንት ቀበሯት» አለችኝ።

ኩላሊት ነው አሉ። መታመሟን እንኳ አልሰማሁም ነበር። ተመልሼ ገብቼ ግራፉን አጠፋሁት። አለቃዬ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «አስተማሪዬ ሞተች» አልኩት። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። አስተማሪዬ አልነበረችም፤ ሁለተኛ ዲግሪ ስንማር አንድ አግዳሚ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። ግን ውሸት ተናገርኩ አልልም። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ ነው የምመልሰው።

ዘይነብ የአምባሰል ልጅ ናት። አባቷ አያ እንድሪስ ከአምባሰል ወርደው ሐይቅ ከተማ ዳር የተቀመጡ ገበሬ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በስታትስቲክስ፣ ያውም በማዕረግ ያዘችና ሥራ ፍለጋ በየቢሮው ዞረች። አንዱ ቢሮ «ሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ እንጠራሻለን» አላት። ይህን ስታወራ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ቆጠራውም አልመጣ፣ እነሱም አልጠሯት፣ እሷ ጅዳ ገባችና ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠራች።

የተመለሰችው አገሩ ሁሉ «ለውጥ መጣ» ብሎ በተስፋ በሰከረበት ሰሞን ነው። ትንሽ ወርቅ ይዛ ነበር፤ ሌላው ዕቃዋ ልብስና አንዲት የኩሽና ሚዛን ነው። ጠፍጣፋ፣ በባትሪ የምትሠራ፣ እመቤቷ ለኬክ ዱቄት መመዘኛ ትጠቀምባት የነበረች ሚዛን። ሰፈሩ ቤት ትሠራለች፣ ሱቅ ትከፍታለች፣ ታገባለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ሄዳ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገበች። ስታትስቲክስ፣ ያውም ፋይናንስና ኢኮኖሜትሪክስ የሚበዛበት። ጎረቤት አያ እንድሪስን «ስድስት ዓመት የጠረገችበትን ለወረቀት ልትሰጠው ነው፣ ዝም ይሏታል?» ሲላቸው «የጠረገችው እሷ፣ ገንዘቡ የሷ፣ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አሉ ይባላል።

ክፍል ውስጥ እንደ ጎበዝ ተማሪ አትታይም ነበር። ስድስት ዓመት ከኮምፒውተር ርቃ ስለቆየች ጣቶቿ ቁልፎቹን ይፈልጋሉ። እጇ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቋል። እኛ ሬግሬሽን የሚባለውን ስሌት አምስት ስንሠራ እሷ አንዱን ላይ ታቀረቅራለች። እኔ ከንፈር የምመጥላት ዓይነት ሰው ነበርኩ፤ እንዲያውም «አብሽሪ፣ ትለምጂዋለሽ» እያልኩ በራሷ ቋንቋ ላጽናናት እሞክር ነበር። አቤት ድፍረቴ!

አንድ ቀን መምህራችን የብርን የምንዛሬ ዋጋ ለዓመታት የሚያሳይ ግራፍ አወጣና እንዴት እንደሚተነበይ ያስረዳን ጀመር። ግራፉ ያምራል፣ መስመሩ እንደ ደረጃ ቀስ እያለ ይወጣል። ዘይነብ እጇን አነሳች።

«መምህር፣ በዚህ ዋጋ የመነዘረው ማን ነው?»

«እንዴት ማለት?»

«እኔ ስድስት ዓመት ሪያል ልኬያለሁ። አብረውኝ የነበሩት ሁሉ ይልካሉ። ወላሂ በዚህ ዋጋ የላከ ሰው አላውቅም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ ግራፉን ትንሽ አየው፣ ከዚያ «እሺ፣ አንቺ በምታውቂው ዋጋ ብንስለውስ?» አላት። ወጥታ በጠመኔ ሳለችው። ደረጃ የለውም፤ ይዘላል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይዘላል። እያንዳንዱን ዝላይ መቼ እንደሆነ፣ ያኔ ጅዳ ላይ ምን ተወርቶ እንደነበር ታስታውሳለች። ከዚያ ቀን በኋላ ከንፈር መምጠጤን ተውኩ።

አንድ ልማድ ነበራት። ሰው ቁጥር ሲያሳያት አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ጋር ታሻለች፣ ዱቄት ልሞ እንደሆነ እንደምታይ ሴት። ከዚያ «እጅህ ነክቶታል?» ትላለች። መጽሐፍ ላይ ያነበብከው፣ ከኢንተርኔት ያወረድከው፣ ሰው የነገረህ ሁሉ ለሷ ገና ያልተነካ ነው። እኔ በዚህ ጥያቄ እናደድ ነበር። «ቁጥር በእጅ አይነካም» ስላት «እንግዲያው ምኑን አመንከው?» ትለኛለች።

መመረቂያ ጽሑፍ የምንጀምርበት ጊዜ ሲደርስ እሷ ከዓረብ አገር የሚላከውን ገንዘብ ያዘች፤ እኔ የሐይቅ ገበያን የማሽላ ዋጋ መዋዠቅ ያዝኩ። በየገበያው ቀን ወርጄ «ጣሳው ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እመለሳለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረው፣ ጥቅምት ሲያልቅ፣ የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ገባ።

የሆነውን ሁሉ አልተርክም። መንገዱ ተዘጋ፣ መብራትም ስልክም ጠፋ፣ ከተማዋ በታጣቂ ተሞላች። ወጣት ወንድ ደጅ መውጣት ፈራ። እኔም እናቴ ቤት ጓዳ ውስጥ ተወሸቅኩ። እንዲህ ሆኜ እንኳ የሚያሳስበኝ ምን እንደነበር ስናገር አፍራለሁ። ሰው እየሞተ እኔ ዳታዬ መሀሉ ላይ ሊሸነቆር ነው ብዬ እጨነቃለሁ።

ዘይነብ አንድ ጠዋት ባልዲ አንጠልጥላ፣ ውኃ የምትቀዳ መስላ መጣች። ጭንቀቴን ስነግራት ይህ ሰው አብዷል አላለችም።

«ሴት እኮ ገበያ ትወጣለች። ያንተን እኔ እይዝልሃለሁ» አለችኝ።

«ኧረ ተይ ዘይነብ! ለማሽላ ዋጋ ብለሽ?»

«ለማሽላው መውጣቴ አይቀር። የምንበላው የለንም።»

ገበያው ከቦታው ተነስቶ መስጊድ ጀርባ ያለ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብቶ ነበር። የሚሸጡትም የሚገዙትም ሴቶች ናቸው። እሷ በየገበያው ቀን አንድ ጣሳ ትገዛለች፣ ቤት ገብታ ትጽፋለች። አንዱን ቀን ኬላ ላይ አስቁመዋት ቦርሳዋን ሲፈትሹ ደብተሩ ተገኘ። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ሌላ ነገር የለውም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ መገኘት ሰው ያስገድላል።

«ለማን ነው የምትልኪው?» አላት ጠመንጃ የያዘው።

«የማሽላ ዋጋ ነው። ትምህርት ነው።»

«የምን ትምህርት?»

ቁጭ ብላ አስረዳችው። እኔ ብሆን ደብተሩን ጥዬ በሮጥኩ ነበር። እሷ ግን ዋጋ ለምን በየሳምንቱ እንደሚያዝ፣ አንድ ሳምንት ከጎደለ ምን እንደሚጠፋ ሁሉን ነገረችው። ከዚያ ምን አለችው መሰላችሁ? «አንተስ ትናንት በስንት ገዛህ?» ልጁ ግራ ገባው። ዋጋውን ነገራት፣ ጻፈችው። ደብተሩን ሲመልስላት «እኛ አገር ግን ጣሳው ይተልቃል» አላት። ይህን ስትነግረኝ ሳቅኩ። ኬላ ላይ ዳታ ሰብስባ መጣች ብዬ ለእናቴ አወራሁላት፤ ልጁ ያለውን ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ፣ ከወራት በኋላ ትምህርቱም ቀጠለ። ደብተሩን ከሷ ወስጄ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩ። ሦስት ረድፍ ነበረው። አንዱ ቀን ነው፣ ሁለተኛው ዋጋ ነው፣ ሦስተኛው ርእስ የሌለው ቁጥር ነው። ሦስተኛውን ምን ብዬ አለፍኩት? የቤት ጣጣ ነው ብዬ። ለራት ስንት እንደሠሩ፣ ስንት እንደተረፈ፣ እንዲህ ያለ የሴት ሂሳብ መሰለኝ። ልጠይቃት እንኳ አላሰብኩም።

ሞዴሉን ሠራሁት። መስመሩ ቀጥ አለ። ጦርነት በነበረባቸው ሳምንታት የማሽላ ዋጋ ምንም ያህል አልጨመረም! አማካሪዬ ከወንበሩ ተነስቶ «ይሄ ግኝት ነው፣ ይሄ ይታተማል» አለኝ። ገበያው ድንጋጤን ተቋቋመ ብለን ጻፍን። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ፣ እኔ ራሴ እርቦኝ ነበር እኮ! እናቴ በቀን አንዴ ነበር የምታበላን። ሆዴ የነገረኝን ትቼ ኮምፒውተሩን አመንኩ።

ወሬው ከዩኒቨርሲቲው ወጣ። አማካሪዬ የሚያውቃቸው የአንድ እርዳታ ቢሮ ሰዎች ጽሑፌን ፈታኞች ፊት የማቀርብበትን ዲፌንስ መጥተው ሊሰሙ ፈለጉ። የትኛው ወረዳ ስንዴ ያግኝ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን እየለዩ ነበር። ዋጋ ካልጨመረ እህል አለ፣ እህል ካለ ስንዴው ወደ ሌላ ይሂድ፤ ሂሳባቸው ይህን ያህል ቀላል ነው። እኔን ደግሞ አንድ ባንክ ዲግሪህን ይዘህ ና ብሎኝ ነበር።

ከዲፌንሱ አንድ ቀን በፊት ሐይቅ መናኸሪያ ተገናኘን። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጽሑፌን እንድታየው ሰጠኋት። መጨረሻውን አነበበች፣ መሀሉን ገለበጠች፣ ቀና አለች።

«አስፍዬ፣ ክብደቱን የት አደረስከው?»

«የምን ክብደት?»

«ሦስተኛው ረድፍ። በየሳምንቱ ጣሳውን እመዝነው ነበር እኮ።»

«እኔማ... የቤታችሁ ጣጣ መስሎኝ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳቀች፤ ቀጥሎ ሳቋ ጠፋ። ጽሑፉን ጭኗ ላይ አድርጋ አስረዳችኝ። በደጉ ጊዜ ጣሳው ተቆልሎ ነው የሚሸጠው፤ ገዢዋ «መርቂልኝ» ትላለች፣ ሻጯ ደግሞ ትጨምራለች። ያን ሰሞን ሻጮቹ እህሉ አለቀባቸው። ግን ዋጋ መጨመር አፈሩ። ገዢዋ ጎረቤት ናት፣ አብራ አልቅሳ አብራ የቀበረች ናት። በእንዲህ ያለ ቀን ጨመረች ከመባል ሞት ይሻላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልሉን ተዉት። ቀጥለው አፉን በመዳፋቸው ጠረጉት። ከዚያ ትልቁን የዱቄት ወተት ጣሳ ቤት ትተው ትንሽዬውን የሳልሳ ጣሳ ይዘው መጡ። ዋጋው ያው ነው። ስሙም ያው ጣሳ ነው።

«ገዢዎቹስ?»

«ያያሉ። ዝም ይላሉ። እሷንም ቸግሯት እንደሆነ ያውቃሉ።»

እዚያው ስልኬ ላይ በኪሎ አካፈልኩት። ዋጋው ከእጥፍ በላይ ዘሏል። የኔ ግኝት የሴቶቹ ይሉኝታ ነበር።

አሁን የምናገረውን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። «ነገ ልጨርሰውና በኋላ ላርመዋለሁ» አልኳት። «ባንኩ አይጠብቀኝም።»

«የስንዴው ሰዎች የሚሰሙት ነገ ነው። በኋላ ያረምከውን ማን ያነበዋል?»

ጽሑፌን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እሷም አልጨቀጨቀችኝም። ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ጽሑፉ ያንተ ነው አስፍዬ። እኔ ምንም አልልህም» አለችኝና ባጃጅ ይዛ ሄደች።

በነጋታው ስላይዱን አልቀየርኩትም። እንደ ነበረ ይዤው ገባሁ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ፈታኞቹ ተቀምጠዋል፣ የእርዳታ ቢሮው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ናቸው። ልጀምር ስል በሩ ተከፈተና ዘይነብ ጥቁር ጅልባቧን ለብሳ ገባች። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልታጋልጠኝ መጣች አልኩ።

ጀመርኩ። ቀጥ ያለው መስመር ላይ ስደርስ ከእንግዶቹ አንዱ እጁን አወጣ። «እንግዲህ በአካባቢው የእህል ችግር አልነበረም ማለት እንችላለን?» አለኝ።

አማካሪዬ በጭንቅላቱ ምልክት አዎ በል አለኝ። ወደ ኋላ አየሁ። ዘይነብ ታየኛለች፤ አልተቆጣችም፣ ራሷንም አልነቀነቀችም።

«አንችልም» አልኩ። «ተሳስቻለሁ።»

አማካሪዬ ዓይኑን ጨፈነ። ደብተሩን አወጣሁና ቁልሉን፣ መዳፉን፣ የሳልሳውን ጣሳ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ፈታኙ «ይህን የመዘነው ማን ነው?» ሲለኝ ወደ ኋላ አመለከትኩ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። እሷ አቀርቅራ ጅልባቧን አስተካከለች።

ዲፌንሱ ተቋረጠ፤ እንደገና ሠርተህ ና ተባልኩ። አማካሪዬ ከክፍሉ ሲወጣ ዞር ብሎም አላየኝ፣ ባንኩም ቦታውን ለሌላ ሰጠ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን አጠገቤ መጥታ የተቀመጠችው ዘይነብ ነበረች። ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። የእርዳታ ቢሮው ሰዎች የደብተሩን ገጾች በስልካቸው አንስተው ሄደዋል። ከጊዜ በኋላ ስንዴው መጣ። በሷ ደብተር ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ መምጣቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እናቴም ተሰልፋ ወስዳለች።

እኔ ተመረቅኩ፣ ሌላ ባንክ ገባሁ። እሷ ግን አልጨረሰችም። በዚያ ጦርነት የአባቷ ቤት ፈርሶ ነበር፤ የትምህርት ገንዘቧ ቆርቆሮና እንጨት ሆነ። ተመልሳ ጅዳ ሄደች፤ «ሁለት ዓመት ብቻ፣ ከዚያ እጨርሰዋለሁ» ብላ። ጽሑፉ ላይ ስሟን ከስሜ ጎን ላድርግ ብዬ ለመንኩ፣ ሕጉ አይፈቅድም አሉኝ። ምስጋናው ላይ ብቻ አሰፈርኳት። በስልክ ስልክላት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። መልሷ ምን ሆነ? «ማሻአላህ። የሦስተኛው ሳምንት ክብደት ግን ተሳስቷል፣ ደብተሩን እየው።» አየሁት። ተሳስቷል።

ለቅሶ ለመድረስ ሐይቅ ወረድኩ። ቀብር የለ፣ ሬሳ የለ፤ ድንኳን ብቻ ነው። አያ እንድሪስ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ አርጅተዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እግዜር ያጥናዎት» አልኩ። ሰው ሳሳ ሲል ግን አላስችል አለኝ።

«አያ እንድሪስ፣ እኔ የተመረቅኩበት ሥራ የሷ ነው። በተፈተንኩበት ቀን እንኳ ልዋሽ ነበር። ወስኜ ነበር የገባሁት። ልትጠብቀኝ መጥታ ከኋላ ስለተቀመጠች ነው የተናገርኩት።»

«ልትጠብቅህ?» አሉኝ።

«አዎ። እንዳልዋሽ።»

ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም ልጄ። ጠዋት ጫማዋን ስታጠልቅ የት ነው አልኳት። አስፋው ዛሬ ይፈተናል አለችኝ። እና አንቺ ምን ትሠሪያለሽ ብላት፣ አባዬ፣ ዛሬ እውነቱን ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩበታል፣ ያኔ ብቻውን እንዳይሆን ነው የምሄደው አለችኝ።»

«ይናገራል አለች? ‹ምናልባት ይናገራል› አላለችም?»

«አላለችም። ይናገራል ነው ያለችው።»

ተነስቼ ከድንኳኑ ወጣሁ፤ አጥሩን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እኔ እዚያ ቆሜ አፌን እስክከፍት ድረስ የማላውቀውን እሷ ገና ከቤቷ ሳትወጣ አውቃው ነበር።